የሯጭ ስንቅ

ቀድሞ መንገደኛ ረጅም ጉዞ ሲያስብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሰናዳው ስንቁን ነበር። የስንቁም ዓይነት በዘፈቀደ አይመረጥም፤ በሶው፣ ጭኮው፣ ዳቦ ቆሎው እንደ መንገዱ ርዝመትና እንደ አየሩ ጠባይ ይታሰብበት ነበር። ዛሬ በሩጫ ስሟ በተጠራው አገራችን ይህን ጥንታዊ ጥበብ በሳይንስ ሚዛን እየለካ ለሯጭ ስንቅ የሚያዘጋጅ ሰው ማግኘት ግን ቀላል አይደለም። እንዲህ ያለው ሰው የስፖርት ሥነ ምግብ ባለሙያ ይባላል። እናንተም የወደፊት ሥራችሁን ማሰብ በምትጀምሩበት በዚህ ዕድሜ ይህን ሙያ ልብ እንድትሉት እወዳለሁ።

አንዳንዶች፣ «አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮማ በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ የትኛው የምግብ ሊቅ መከረው?» ብለው ይከራከሩ ይሆናል። ክርክሩ ለጆሮ ደስ ይላል። ይሁን እንጂ አበበ ራሱ ከአራት ዓመት በኋላ በቶኪዮ ሲያሸንፍ ጫማ አድርጎ ነበር፤ ጀግና ያለ አንድ ነገር ማሸነፉ ያ ነገር አያስፈልግም አያሰኝም።

ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ጡንቻና ጉበት ከእህል የሚያገኙትን ስኳር ያከማቻሉ፤ ክምችቱ ግን የተወሰነ በመሆኑ ብዙ ሯጮች 30ኛውን ኪሎ ሜትር ካለፉ በኋላ ጉልበት በድንገት ይከዳቸዋል። ስለዚህ የዛሬ ሯጮች በሰዓት ከ30 እስከ 90 ግራም የሚደርስ ስኳር በመጠጥ መልክ ይወስዳሉ። እየሮጡ ይህን ያህል መጠጣት ደግሞ ሆድን ስለሚያውክ፣ ሆድም እንደ እግር ልምምድ ያሻዋል። ልምምዱን ቀስ በቀስ የሚያወጣለት የምግብ ባለሙያው ነው።

የሙያው ጥልቀት ይበልጥ የሚታየው ግን በየዕለቱ ገበታ ላይ ነው። ጤፍ በብረት ማዕድን የበለጸገ እህል መሆኑን ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን በላቦራቶሪ ከሚለካው ብረት ከፊሉ ጤፉ በአውድማ ላይ በከብት ሲወቃ የተቀላቀለው የአፈር ብረት ነው፤ ይህንንም ሰውነት እምብዛም አይጠቀምበትም። በእህሉ ውስጥ ያለውንም ቢሆን ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር አሥሮ ይይዘዋል። እናቶቻችን ሊጡን በእርሾ ማብካታቸው ይህን እሥር ያላላዋል። በአንጻሩ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል፤ ሎሚና ብርቱካን ግን ያግዛሉ። ብረት ያነሰው ደም ኦክስጅንን በሚገባ አያደርስምና፣ ትናንት በብርታቷ የምትታወቅ ልጅ ዛሬ ያለ ምክንያት ትደክማለች። አሠልጣኟም «ሰነፈች» ይላል። ምርመራው የብረት እጥረት መኖሩን ቢያሳይ፣ ከሐኪሙ ትእዛዝ ጎን ለጎን የቡናውን ሰዓት ከምግቡ ማራቅ አንዱ መፍትሔ ይሆናል። አውድማውን፣ ቡሆውንና የቡናውን ሥርዓት የማያውቅ፣ የባዕድ አገር መጽሐፍ ብቻ ያነበበ ሰው ይህን ከየት ያመጣዋል?

ከዚህ የከፋም አለ። ክብደቷን ቀንሳ ፍጥነት ለማግኘት ምግብ የምታጓድል ሯጭ በመጀመሪያ ይሳካላት ይሆናል፤ ውሎ አድሮ ግን የወር አበባዋ ሊቋረጥ፣ አጥንቷም እየሳሳ ሄዶ ሳትወድቅ ሊሰነጠቅ ይችላል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መግለጫ እንዲህ ያለው የኃይል እጥረት ወንዶችንም እንደሚጎዳ አስረድቷል። የሯጭ የሥራ ዘመን አጭር ነው፤ በሁለት እግሯ የሚተዳደረው ቤተሰብ ግን ብዙ ጊዜ ሰፊ ነው።

በጣሳ ታሽጎ የሚሸጠው ዱቄትና እንክብልም ሌላ ፈተና ነው። በውስጡ የተከለከለ አበረታች ቅመም ቢገኝ «አላወቅሁም» ማለት ሯጩን ከተጠያቂነት አያድነውም፤ በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት በሰውነቱ ውስጥ ለተገኘው ነገር ኃላፊው ራሱ ነው። በእኔ አስተያየት የባለሙያው ብቃት የሚመዘነው ባዘዘው ዱቄት ሳይሆን ባስቀረው ዱቄት ነው። እንዲሁም ጾመኛውን ሯጭ «ጾምህን ተው» ማለት ለማንም አይከብድም፤ ሙያ የሚባለው ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ሰሊጡንና ተልባውን አመዛዝኖ ጾሙም ልምምዱም እንዳይጓደል ማድረግ፣ በረመዳንም የልምምዱን ሰዓት ከማፍጠሪያው ሰዓት ጋር ማስማማት ነው።

መንገዱ ረጅም መሆኑን አልሸሽግም። ባዮሎጂንና ኬሚስትሪን ከአሁኑ አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል። ቀጥሎ እንደ ሐዋሳና እንደ ጅማ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች የሥነ ምግብ ትምህርት አለ፤ የኦሊምፒክ ኮሚቴውም የሁለት ዓመት የስፖርት ሥነ ምግብ ትምህርት በርቀት ይሰጣል። ክለቦች ለአሠልጣኝና ለወጌሻ ደመወዝ መመደብን ለምደዋል፤ ለምግብ ባለሙያ መመደቡ ግን ገና አልተለመደም። ስለዚህ ጀማሪው ቀን በሆስፒታል ሕሙማንን እያገለገለ፣ ማለዳ ጃን ሜዳ ወርዶ ሯጮችን ለመከታተል መቁረጥ አለበት። ሊጥ አቡክቶ፣ ሽሮ ወጥ ሠርቶ የማያውቅም በዚህ ሙያ ብዙ አይራመድም (ወንዶች ልጆች ይህን በተለይ ልብ በሉ)። ሯጩ «ዛሬ ማታ ምን ልብላ?» ብሎ ሲጠይቅ መስማት የሚፈልገው ስንት እንጀራ፣ ስንት ጭልፋ የሚለውን ነው፤ ግራሙን ባለሙያው በደብተሩ ይያዘው።