ፂም ይመስክር? የጨንቻው ታዳጊ በተመልካች ችሎት

የታዳጊዎች ውድድር ባለበት ሜዳ ሁሉ አንድ “ፕሮፌሰር” አይጠፋም። ኦቾሎኒ እየፈለፈለ ኳሱን ትቶ አገጭ ያጠናል። ጨዋታው ሳይሞቅ ፍርዱን ይሰጣል፦ “ይሄማ የልጆች አባት ነው!” ማስረጃው? ፂም።

ዘርፉ ስም አለው። “ፖጎን” ከሚለው የግሪክ ቃል ተነስተው የፂም ጥናትን ፖጎኖሎጂ ይሉታል። የሜዳችን ሊቃውንት ግሪክኛውን ባያውቁትም ምደባውን ጨርሰዋል። ከንፈር ላይ ጥላ ቢጤ ካለ “ከ17 በታች”፣ ሪዝ ካለ “ከ20 በታች”፣ ጉንጩ ከሞላ “ዋናው ቡድን”፣ ደረት ከደረሰ ደግሞ “አሰልጣኝ”!

ሳቁ እንዳለ ሆኖ፣ በዚህ ፍርድ ከቡድን የሚቀነስ ልጅ ካለ ነገሩ ቀልድ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2012 ባርናቢ ዲክሰንና ፖል ቬሲ የተባሉ ተመራማሪዎች ያንኑ ሰው አንዴ በፂሙ፣ አንዴ ተላጭቶ ፎቶ አንስተው ለኒውዚላንድና ለሳሞአ ሰዎች አሳይተው ነበር። ባለፂሙ በዕድሜ የገፋ፣ የተከበረና ቁጡ መስሎ ታየ። (ሴቶቹ የመረጡት የተላጨውን ነው፤ ፂም አሳዳጊዎች ይስሙ።) ልብ በሉ፣ ሰውየው አንድ ነው። ዕድሜው የጨመረው በተመልካቹ ዓይን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ፂም መላጨቱ ነው። ጀርመናዊው ፖል ብራይትነር ከ1982ቱ የዓለም ዋንጫ በፊት ለማስታወቂያ ሲል ያንን ዝነኛ ፂሙን በ150 ሺህ ማርክ ተላጭቷል። ለገንዘብ የሚወርድ ፂም ዕድሜ ለመደበቅ አይወርድም ማን አለ? ዕድሜ የሚያጭበረብረው ጎልማሳ ጠዋት ምላጭ ይዞ ይነሳል። በ15 ዓመቱ ቀድሞ ያበቀለው እውነተኛ ልጅ ግን ምላጭ ገና አልለመደም። የተመልካቹ ችሎት የሚይዘውም እሱኑ ነው።

ጨንቻ ላይ ነገሩ ይብሳል። ከተማዋ ከአርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ፣ ጉምና ብርድ ውስጥ ያለች ናት። ከሥሯ ያለው ሜዳ የ“አዞዎቹ” የአርባ ምንጭ ከተማ ነውና፣ የደጋው ልጅ ሕልምም ወደዚያው ይወርዳል። በጋሞ ባህል ሽበትና ፂም ሲመጣ ከመቀመጫ ይነሳል። መስከረም 2011 የቡራዩውን ግድያ ለመበቀል አርባ ምንጭ ላይ የወጣውን ወጣት የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው፣ ተንበርክከው ለምነው መልሰውታል። አባት የሚከበርበት ዕድሜ ሜዳ ላይ ሲደርስ ለልጁ ስድብ ሆነበት።

ታዲያ ወረቀቱ የት አለ? በአገር አቀፍ ደረጃ የልደት ምዝገባ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ከ17 ዓመት በታች ቡድን የሚሞክሩት ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው። እናት “ሸማኔው ከአዲስ አበባ ለመስቀል ሲገባ ነው የወለድኩት” ብትል ወሩ ይታወቃል፤ ዓመቱ ግን ያከራክራል። የስፔኑ ላሚን ያማል 17 ዓመት በሞላው ማግስት የ2024ን የአውሮፓ ዋንጫ ሲያነሳ አገጩን የመረመረ የለም። የልደት ወረቀቱ ቀድሞታላ!

ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2009 በናይጄሪያው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ኤምአርአይ አስገብቷል። የእጅ አንጓ ይነሳል፤ የአጥንቱ ማደጊያ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ተጫዋቹ 17ን እንዳለፈ ይቆጠራል። ከፂም እጅግ ይሻላል። ሆኖም የ15ቱን ከ16ቱ ለይቶ አይናገርም፣ በየወረዳው ሜዳም የለም። ተስፈኛው መጀመሪያ የሚጣራው ደግሞ እዚያው ወረዳ ላይ ነው፤ እዚያ ከወደቀ ማሽኑ ዘንድ አይደርስም።

ዕድሜ ማጭበርበር የለም ማለት አይደለም፤ አለ፣ የእውነተኛውን ታዳጊ ቦታም ይበላል። መመዝገቢያው በሥራ ላይ ከዋለ በኋላ የተወለዱት ልጆች 17 የሚሞላቸው ከ2025 ዓ.ም. ወዲህ ነው። እስከዚያው መልማዩ በእጁ ያለው የአንደኛ ክፍል መዝገብና የክትባት ካርድ ነው። ሁለቱም የተጻፉት ልጁ ኳስ ይጫወታል ተብሎ ሳይታሰብ ነው፤ ያኔ ዕድሜ የሚቀንስበት ምክንያት ያለው ሰው አልነበረም።