የይርጋጨፌ ቡናና የመረጃ ማቀናጃ ሶፍትዌር ምርጫ

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያጸደቀው የደን ጭፍጨፋን የሚከላከል ደንብ፣ ወደ ገበያው የሚገባ ቡና እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት ያልተገኘ መሆኑ እንዲረጋገጥ ያስገድዳል። ተግባራዊ የሚሆንበት ጊዜ በተደጋጋሚ ቢራዘምም ግዴታው አልተነሣም። የማሳው መገኛ በኬክሮስና በኬንትሮስ ተለይቶ መቅረብ አለበት። ከ4 ሄክታር ለማይበልጥ ማሳ አንድ ነጥብ በቂ ነው፤ በእንሰት መካከልና በጥላ ዛፍ ሥር ቡና የሚያለማው የጌዴኦ አርሶ አደር ይዞታም በአብዛኛው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው።

ስለዚህ ለይርጋጨፌ አቅራቢዎችና ኅብረት ሥራ ማኅበራት አስቸጋሪው ነጥቡን መመዝገብ ሳይሆን መረጃውን ማያያዝ ነው። የማሳው መገኛ በእጅ ስልክ፣ የእሸት ቡናው ርክክብ በመፈልፈያ ጣቢያው መዝገብ ወይም በኤክሴል፣ ክፍያው በሂሳብ ሶፍትዌር፣ የወጪ ንግድ ሰነዱ ደግሞ አዲስ አበባ ባለ ቢሮ ሊገኝ ይችላል። የብዙ ማሳዎች እሸት ከተቀላቀለ በኋላ ሁሉም ማሳዎች መገለጽ ስላለባቸው፣ የአንድ አርሶ አደር መረጃ መጉደል መላውን ጭነት ያሰናክላል። እንዲህ ሲሆን ገዢው መረጃው ካልተሟላ አርሶ አደር እሸት አለመቀበልን ሊመርጥ ይችላል፤ ጉዳቱም የሚያርፈው በዚያ ቤተሰብ ላይ ነው።

ሶፍትዌር የሚመርጥ ድርጅት በቅድሚያ ሊፈትን የሚገባው ስሞች እንዴት እንደሚዛመዱ ነው። አንድ ስም በ«ሀ» ወይም በ«ሐ»፣ በ«ሰ» ወይም በ«ሠ» ሊጻፍ፣ በላቲን ፊደል ደግሞ ሌላ መልክ ሊይዝ ይችላል። በስም ብቻ የሚያዛምድ ሶፍትዌር አንዱን ሰው ሁለት፣ ሁለቱን አንድ ያደርጋል። የፋይዳ ወይም የማኅበር አባልነት ቁጥርን መለያ ማድረግ ስህተቱን ይቀንሳል። ሻጮች ለማሳያ የሚያቀርቡት መረጃ አስቀድሞ የተስተካከለ ስለሚሆን፣ ሙከራው ባለፈው ዓመት እውነተኛ መዝገብ ላይ ቢደረግ ይሻላል።

ነጻ መባል ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ታዋቂ የነበረው የታለንድ ነጻ እትም እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ተቋርጧል። በመሆኑም ድርጅቱ መረጃውን በማናቸውም ጊዜ በተለመደ የፋይል ዓይነት ማውጣት እንደሚችል በውሉ ሊሰፍር ይገባል።

ከባለቤቱ ስም ጋር የተያያዘ የማሳ መገኛ የግል መረጃ በመሆኑ፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ማክበር ያስፈልጋል። አርሶ አደሩ መረጃው ለምን እንደሚሰበሰብ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው፣ የተመዘገበውንም ተመልክቶ ስህተቱን ሊያሳርም ይገባል። በይርጋጨፌ የእሸት ለቀማ ከክረምት በኋላ ስለሚጀመር፣ የማረሙ ሥራ በክረምቱ ወራት ቢጠናቀቅ ይመረጣል።