ውሻ በበላበት ይጮኻል



የዛሬው ጉዳይ ከአንዲት የሱሉልታ እናት የመጣ ነው። ቤት ይጠብቅልናል ብለው ያሳደጉት ውሻ እየበላ ሳለ የስድስት ዓመት ልጃቸው በአጠገቡ ብታልፍ አጉረመረመባት። አባት ዱላ አንሥተው ቀጡት። ከዚያ ወዲህ ማጉረምረሙን ትቷል፤ ልጅቷ ስትቀርብ ጆሮውን አጣብቆ፣ ደርቆ ቆሞ ያያታል። «ተምሯል ማለት ነው? ወይስ ራቅ አድርገን እንጣለው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

እህቴ፣ ውሻው አልተማረም። መጣልም የለበትም። ማጉረምረም በውሻ ቋንቋ «እባክሽ ራቂኝ» ማለት ነው። ዱላው ያጠፋው ማስጠንቀቂያውን እንጂ ፍርሃቱን አይደለም። እንዳያስጠነቅቅ የተከለከለ ውሻ ደግሞ በቀጥታ ሊነክስ ይችላል። ከጉርምርምታው ይልቅ ዝምታው ሊያሳስብዎት ይገባል።

በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ፣ ቤት ሠርቶ የገባ ሰው አጥሩን ቆርቆሮ ካለበሰ በኋላ የሚያስበው ቡችላ ነው። ሌባ አለ፤ ሲመሽ ጅብ አለ። ቡችላው ገና ጥርሱ ሳይጠነክር በሰንሰለት ይታሰራል፤ «ካልታሰረ ኃይለኛ አይሆንም» ይባላል። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ታስሮ የሚውል ውሻ ሰው ሳይለምድ ያድጋል። የፈራ ውሻ ሌባውን ከዘመድ አይለይም።

አባቶቻችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ያሉት ያለ ነገር አይደለም። ውሻ ጥሩ ነገር ያገኘበትን ይወዳል፣ ይደግማልም። ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ ምግብ ከመቅረቡ በፊት ደጋግሞ የተሰማ ድምፅ ብቻውን የውሻን ምራቅ እንደሚያመጣ አሳይቷል። የአሜሪካ የእንስሳት ባሕርይ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መግለጫ ውሾች ሁሉ በሽልማት ብቻ እንዲሠለጥኑ መክሯል።

ታዲያ ከየት እንጀምር?

በመጀመሪያ ቤተሰቡ በአንድ ቃል ይስማማ። በብዙ ግቢ እንደማየው አባት «ና» ይላሉ፣ ሠራተኛዋ «ኮቱ»፣ ልጆቹ ደግሞ «ካሚን»። ውሻው የቱን ይስማ? አንዱን ምረጡና ሁላችሁም እሱኑ ተናገሩ።

ሁለተኛ፣ ሽልማቱ አይዘግይ። ተጠርቶ እንደመጣ ወዲያው፣ በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ይቅመስ። ከዘገየ ለምን እንደተሸለመ አይገባውም። ጠርታችሁት ከመጣ በኋላ ፈጽሞ አትምቱት፤ ሁለተኛ አይመጣላችሁምና። አምስት አምስት ደቂቃ በቀን ሁለት ጊዜ ይበቃል።

ሦስተኛ፣ ሽልማት ማለት ውድ ነገር አይደለም። ሽምብራ የምታህል የተቀቀለ ድንች ወይም ደረቅ ዳቦ ትበቃለች፤ በጾምም አትጠፋም። የወጥ ትራፊ ግን ይቅር፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል። ከሥጋ ቤት የሚመጣ ሳንባና ጉበትም በደንብ ይቀቀል፤ ጥሬው ውሻውን በትል ይለክፋል፣ ትሉም ወደ ሰው ይተላለፋል።

አሁን ወደ ልጅዎ ልመለስ። ከዛሬ ጀምሮ ውሻው ልጅቷ በማትደርስበት ቦታ ይብላ፤ ሁለቱም ብቻቸውን አይተዉ። ከዚያ እርስዎ ወይም ባለቤትዎ ውሻው ሲበላ ሳይደነግጥ ከሚያያችሁ ርቀት ላይ ሆናችሁ ከሳህኑ የተሻለ ቁራሽ ጣሉለትና ሂዱ። ቀን በቀን ትንሽ ትንሽ ቅረቡ። ቢደርቅ ወይም ቢያጉረመርም ሳትቆጡ ወደ ኋላ ተመለሱ። የሚመጣው ሰው ሊነጥቀው ሳይሆን ሊጨምርለት እንደሆነ ሲገባው የሚጠብቀው ነገር ይለወጣል። ይህ ልምምድ የአዋቂ እንጂ የልጅ ሥራ አይደለም። ለውጥ ካላያችሁ የእንስሳት ሐኪም ይየው፤ የሚያመው ነገር ሊኖር ይችላል።

ውሻችሁ ከሦስት ወሩ ጀምሮ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይውሰድ፤ በየዓመቱም ይደገም። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን ሕክምና የለም።

ሕጉንም አንርሳ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 እንስሳ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦ ቢሆን እንኳ። «ሰንሰለቱ ተበጠሰ» ማለት አያድንም።

አባወራውም ይህን ያንብቡልኝ። ውሻው በር ላይ እንዲጮኽ የምንፈልገው ለልጆቻችን ደኅንነት ነው። እንግዲያው ልጆቹን ፈርቶ ሳይሆን ወዶ ይጠብቃቸው። ዱላውን ለጅቡ ያቆዩት።

ቸር እንሰንብት።