«ሃውስ» ቤት ማለት አይደለም

ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ሃውስ ሙዚቃ የቤት ሙዚቃ ማለት ነው እንዴ?» ይሉኛል። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1977 ቺካጎ ውስጥ «ዌርሃውስ»፣ ማለትም «መጋዘን» የሚባል ጭፈራ ቤት ተከፈተ። ዲጄ ፍራንኪ ነክልስ እዚያ የሚያጫውተውን ነው ሰው አሳጥሮ «ሃውስ» ያለው ይባላል። የአንድ ጭፈራ ቤት ስም ዓለምን ዞረ!

እኛስ? እንደገና ሙሉ (ኢትዮጵያን ሪከርድስ) ሥራውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብሎ ይጠራዋል። ለኔ ክብደቱ ያለው የመጀመሪያው ቃል ላይ ነው። ኮምፒውተር አገር የለውም፤ ምት ግን አለው። ስለዚህ በኮምፒውተር የተሠራውን ሁሉ «የፈረንጅ ነው» ማለት ትክክል አይመስለኝም። «ጉራግኛ ቢት» ብሎ ስም ለጥፎ ጭብጨባውን ሳያውቁ መሥራትም ያው ነው፤ ስም ብቻ!

ቢት የምትሠሩ ልጆቼ፣ ለመስቀል ወልቂጤም ቡታጅራም ስትገቡ የእናቶችን ጭብጨባና የከበሮውን ምት አስፈቅዳችሁ በስልካችሁ ቅዱ። የዘፈኑን ስም፣ መቼ እንደሚዘፈን ጠይቁ። ላፕቶፑ የትም አይሄድም፤ የሚያውቁት ሰዎች ግን እያለቁብን ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?