የወደቀው ባዮሎጂ ነው ወይስ እንግሊዝኛ?

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ልጃችሁ በባዮሎጂ 40 ይዞ ሲመጣ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት የሳተውን ጥያቄ በአማርኛ ጠይቁት እላለሁ። ደም ከልብ ወጥቶ እንዴት ዞሮ እንደሚመለስ አጥርቶ ካስረዳችሁ፣ የጎደለው እንግሊዝኛው ነው። በአማርኛም ካቃተው ግን ትምህርቱ አልገባውም። የሁለቱ መድኃኒት ለየቅል ነው። ለዚህ ፍተሻ እንግሊዝኛ የማያውቁ አያቶች ይበልጣሉ፤ ልጁ የሸመደደውን ቃል ደግሞ አያመልጣቸውም።

መምህሩንም አነጋግሩ። የክፍል ፈተናው ዓረፍተ ነገር አጭርና ግልጽ ይሁን፤ ልጁ በሥዕል ማስረዳት ይፈቀድለት፤ መልሱ ልክ ከሆነ በሰዋስው ስሕተት ነጥብ አይቀነስበት። እንግሊዝኛውም አይታለፍ፤ የ12ኛ ክፍል ፈተና ይጠብቀዋል። ግን በራሱ ክፍለ ጊዜ ይመዘን።