ስለቱን የሚበላው ጎረቤት ነው

ልደታ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለው ሰው በጠዋት ሲመጣ ብዙ ጊዜ በቀጥታ ወደ ችሎት አይገባም። አስቀድሞ ልደታ ለማርያም ይሳለማል፤ ሰዓቱ ከረፈደበት ደግሞ መንገድ ላይ ቆም ብሎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ ያማትባል። ከዚያ የሰነዱን ክላሰር በብብቱ ሸጉጦ ይሄዳል። "ልደታ ልሄድ ነው" ያለ ሰው ሊሳለም ይሁን ሊከራከር የሚታወቀው ፊቱ ታይቶ ነው።

ይህን የሚያዩ አንዳንድ የተማሩ ወዳጆቼ "ሕዝባችን ሁሉን ነገር ለእግዜር ጥሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል" ይላሉ። እኔ ልደታ ላይ የማየው ሌላ ነው። ያ ሰው አማትቦ ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ማመልከቻ ያጽፋል፣ ምስክር ይለምናል፣ በተቀጠረበት ቀን ተመልሶ ይመጣል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ጌታ ሳይታክቱ ስለ መጸለይ ሲያስተምር የመረጠው ምሳሌ የአንዲት መበለት የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። እግዚአብሔርንም ሰውንም የማይፈራ ዳኛ ደጅ እየተመላለሰች አሰልችታው ፈረደላት። ትምህርቱ ስለ ጸሎት ቢሆንም በምሳሌው ውስጥ ሴትዮዋ ተንበርክካ አናያትም፤ ስትመላለስ ነው የምናያት። ያቺ መበለት ልደታ ብትመጣ ማንም ለይቶ አያውቃትም።

በእግዚአብሔር ስለ መታመን ሰፈሩ ያስተማረኝ ዋናው ነገር ግን ያለው ከችሎቱ ውጭ ነው፤ ግንቦት 1 ቀን፣ በልደታ ማርያም በዓል።

ታሪኩን የማያውቅ የለም። ኢያቄምና ሐና መካን ነበሩ፤ ልጅ ቢሰጣቸው ለቤተ እግዚአብሔር ሊሰጡ ተሳሉ፤ ሐና ስትፀንስ የአካባቢው ሰው ተነሣባቸውና ወደ ሊባኖስ ተራራ ተሰደዱ፤ ድንግል ማርያም እዚያ ከቤት ውጭ ተወለደች። ይህ በአራቱ ወንጌላት አይገኝም፤ በትውፊትና በስንክሳር የደረሰን ነው። የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ልደቷን የሚያከብረው በራሱ አቆጣጠር በሴፕቴምበር 8 ሲሆን፣ እኛና ግብፆች ግን በግንቦት መባቻ እናከብራለን። ከቤት ውጭ ስለተወለደች በዓሏም ከቤት ውጭ ይከበራል፤ ደጅ ላይ እሳት ይነዳል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ቡና ይፈላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ግንቦት 1 ጾም አያገኛትም። ትንሣኤ ከመጋቢት 26 አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30ም አያልፍም፤ ስለዚህ ልደታ በየዓመቱ በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ትውላለች፤ ረቡዕ ወይም ዓርብ ብትውል እንኳ ይበላባታል። ሥጋ የሚከለክል የለም ማለት ነው። ሆኖም የቀኑ ዋና ምግብ ስንዴ፣ ሽምብራና ባቄላ ሆኖ ቀረ። ይህን ያህል ድሃ የማያሳፍር በዓል ሌላ አላውቅም፤ አንድ ጣሳ እህል ይዞ የመጣ ሁሉ ባለድርሻ ነው። ንፍሮው የታረደ ነገር ስለሌለበትም ሙስሊም ጎረቤት ሳይሳቀቅ ዘግኖ ይበላል።

ከተበላ ከተጠጣ በኋላ ስለቱ ይመጣል። አንዷ "የዛሬ ዓመት በሰላም ብታደርሺኝ አምስት ዳቦ" ትላለች፤ ሌላው ጠላ፣ ሌላው በግ። ሁሉም "ይድረስልሽ፣ ይድረስልህ" ብሎ ይመርቃል። ዓመቱ ሲዞር የተሳለው ሰው ያለውን ይዞ ይመጣል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ስለቱ የተገባው ለእመቤታችን ነው፣ ዳቦውን የሚበላው ግን ጎረቤት ነው። ስለቱ እንዳይረሳም የሚያስታውሰው ጎረቤት ነው። ሰው ለአምላኩ የገባውን ቃል በጎረቤቱ አፍ እንዲከፍል ያደረጉ አባቶችና እናቶች ከእኛ ይልቅ ሰውን ያውቁ ነበር።

ስለት ከእግዚአብሔር ጋር መነገድ ነው የሚሉ አሉ። ፕሮቴስታንት ወዳጆቼ ይሉኛል፤ ከራሳችን መምህራንም በዓሉ ዛፍ ቅቤ ከመቀባትና ከአድባር ልማድ ጋር እየተቀላቀለ ነው ብለው የሚገሥጹ አሉ። ስለ ቅቤው እውነታቸውን ነው፤ ዛፉም አልለመነም። ስለ ንግዱ ግን አንዲት እናት መልስ ሰጥተውኛል።

እኚህ እናት የብሎካችን ነዋሪ ናቸው። ልጃቸው ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። ለብዙ የአዲስ አበባ እናት ሊባኖስ የድርሳን አገር ብቻ አይደለችም፤ ልጅ የሄደችበት፣ ስልክ የሚጠበቅበት አገር ናት። በ2011 ግንቦት ልደታ "የዛሬ ዓመት ልጄን ብታመጪልኝ ሙሉ ድፎ" ብለው ተሳሉ። ዓመቱ ሲዞር ኮሮና መጣ፤ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሎ በዓሉ በየቤቱ ቀረ። ትንሽ ቆይቶ የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን ቤይሩት ባለው ቆንስላችን ደጃፍ እያወረዱ ጥለዋቸው ሲሄዱ በቴሌቪዥን አየን። ሐምሌ 28 ደግሞ ወደቡ ፈነዳ። ልጅቷ ተርፋለች፤ ግን አልመጣችም።

በ2013 ግንቦት 1 እናትየው ድፎውን ተሸክመው ወደ ግቢው ወረዱ።

"እማማ፣ መጣች እንዴ?" አልኳቸው ደንግጬ።

"አልመጣችም ልጄ።"

"ታዲያ ስለቱ?"

"የእሷን ጠባቂዋ ያውቃል። እናንተ ግን ድፎ ብያችሁ ነበር።"

ነጋዴ ዕቃው ሳይደርሰው አይከፍልም። የእኚህ እናት ግን ንግድ አልነበረም። ስለ መታመን ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ ከዚያች ድፎ የበለጠ የገባኝ የለም።

አሁን ወደ ሰፈሩ ልመለስ። ልደታ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፈርሳ የተሠራች ሰፈር ናት። የቀበሌ ቤቶቹ ተነሡ፣ ኮንዶሚኒየም ቆመ፣ በ2008 መስከረም ባቡሩ መጣ። የድሮውን አልናፍቅም፤ አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት ለስንት አባወራ እንደነበር የኖረበት ያውቀዋል። ነገር ግን ያ ጠባብ ግቢ አንድ ነገር ነበረው፤ ንፍሮው የሚጣድበትን ቦታ ማንም ማንንም አያስፈቅድም ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ እሳት አይነድም። ለእርድ፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለልብስ ማጠቢያ ታስቦ የተሠራው ኮሚናል ለሌላ አገልግሎት ሲውል በየሳይቱ አይቻለሁ። የቀረው ባዶ ቦታ የመኪና ማቆሚያው ብቻ ነው፤ እሱም በመስመር ተቀብቶ፣ ቁጥር ተጽፎበት፣ ለየባለመኪናው ተከፋፍሏል።

ጎረቤት ሲርቅ እምነት ይጠፋል አልልም። ሰው በሩን ዘግቶም ይጸልያል፤ እንዲያውም ጌታ እንደዚያ አዟል። ግን ሰሚ የሌለው ስለት ዓመት አይቆይም። በታክሲ መስታወት ላይ የተለጠፈ "እግዚአብሔር ያውቃል" ማንንም ዳቦ አያስጋግርም፤ "እናንተ ግን ድፎ ብያችሁ ነበር" የሚለው ያስጋግራል፤ ለዚያ ደግሞ "እናንተ" የሚባል ሰው በአንድ ቦታ ተቀምጦ መገኘት አለበት።

በብሎካችን ባለፉት ዓመታት በዓሉን ያከበርነው ከመኪናዎቹ መሐል ተሸጉጠን ነው። አንዴ ጭሱ ተሽከርካሪ ያበላሻል ተብሎ ክርክር ተነሥቶ ንፍሮው ሳይበስል ወርዷል። ባለመኪናውም ጥፋተኛ አይደለም፤ ማንም አስቀድሞ አልነገረውም።

በ1995 የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370 የጋራ መጠቀሚያ ቦታዎችን የማስተዳደሩን ሥራ ለባለቤቶች ማኅበር ሰጥቷል። ስለዚህ ወረዳ መሄድም ክፍለ ከተማ ደጅ መጥናትም አያስፈልግም። የልደታና የሌሎችም ሳይቶች የብሎክ ኮሚቴዎች ሆይ፣ በሚያዝያ ስብሰባችሁ አንድ አጀንዳ ጨምሩ፤ ግንቦት 1 ቀን ከጠዋት እስከ ማታ የመኪና ማቆሚያው ይለቀቅ፣ ባለመኪኖችም ከሳምንት በፊት ይነገራቸው።