ወደብ የተዘጋበት ቆሻሻ

የአውሮፓ ኅብረት ከኖቬምበር 21 ቀን 2026 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ የፕላስቲክ ቆሻሻ የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት አባል ወዳልሆኑ አገራት እንዳይላክ የሚከለክለውን ሕግ ተግባራዊ ያደርጋል። እገዳው በመጀመሪያ ለሁለት ዓመት ተኩል የሚጸና ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ይህን ቆሻሻ ማስገባት የሚሻ አገር ራሱ ጥያቄ ማቅረብና አካባቢን ሳይጎዳ ማስተናገድ እንደሚችል ማስረዳት ይጠበቅበታል። የባሕረ ሰላጤው አገራት የድርጅቱ አባላት ባለመሆናቸው ሕጉ እነርሱንም ይመለከታል። ዜናው ላይ ላዩን ሲታይ የመርከብና የጉምሩክ ጉዳይ ይመስላል። ሆኖም ያለፉት ዓመታት ልምድ እንደሚያሳየው የዚህ ዓይነቱ ሕግ ሸክም ከላኪ ኩባንያዎች አልፎ፣ በየሰፈሩ ማጠራቀሚያ አስቀምጠው ወረቀትና ፕላስቲክ በሚሰበስቡ የከተማ አስተዳደሮች ትከሻ ላይ ያርፋል።

ይህን ለመረዳት ወደ ቻይና መለስ ማለት ያስፈልጋል። ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል የዓለም ቆሻሻ ዋና መዳረሻ ቻይና ነበረች። በ2018 «ሳይንስ አድቫንስስ» በተሰኘው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ከ1992 ጀምሮ ከዓለም የፕላስቲክ ቆሻሻ ንግድ 45 በመቶ ያህሉ ወደዚያች አገር መግባቱን አመልክቷል። ምክንያቱ ብዙም የተወሳሰበ አልነበረም። የቻይናን ሸቀጥ አሜሪካና አውሮፓ ያደረሱ መርከቦች ሲመለሱ አብዛኛው ኮንቴይነራቸው ባዶ ስለነበር የመመለሻው የጭነት ዋጋ እጅግ ርካሽ ነበር። በቻይና በኩልም ጥሬ ዕቃ የተጠሙ ፋብሪካዎችና በዝቅተኛ ክፍያ ቆሻሻ የሚለዩ ብዙ እጆች ነበሩ። ስለዚህ አንድ የአሜሪካ ከተማ ያገለገለ ወረቀቱን እዚያው በአገሩ አጥርቶ ከማስለየት ይልቅ ውቅያኖስ ማሻገሩ ይቀለው ነበር።

በጁላይ 2017 ግን ቻይና 24 ዓይነት ደረቅ ቆሻሻዎች ወደ አገሯ እንዳይገቡ እንደምታግድ ለዓለም ንግድ ድርጅት አስታወቀች። ከማርች 2018 ጀምሮ ደግሞ እንዲገቡ በተፈቀደላቸው ዓይነቶች ውስጥ የሚገኘው ባዕድ ነገር ከ0.5 በመቶ እንዳይበልጥ አዘዘች። በ2021 በሩን ሙሉ በሙሉ ዘጋችው።

ግማሽ በመቶ በቁጥር ሲነገር ቀላል ይመስላል። በተግባር ግን አንድ ሺህ ኪሎ በሚመዝን የወረቀት ቦንዳ ውስጥ ከአምስት ኪሎ በላይ ሌላ ነገር እንዳይገኝ ያስገድዳል። ዘይት የጠጣ የፒዛ ካርቶን፣ ያልታጠበ የእርጎ ዕቃ፣ የሕፃን ዳይፐር፣ የተሰበረ ጠርሙስ፤ ከእነዚህ ጥቂቱ ብቻ ሙሉውን ጭነት ከወደብ ያስመልሳል። አሜሪካውያን ደግሞ ወረቀቱንም፣ ቆርቆሮውንም፣ ፕላስቲኩንም በአንድ ማጠራቀሚያ መጣል ለምደዋል። ዘዴው ተሳታፊውን ሕዝብ ቢያበዛም ጥራቱን ጎድቶታል፤ የዘርፉ ኩባንያዎች ራሳቸው እንደሚናገሩት ወደዚያ ማጠራቀሚያ ከሚጣሉት አራት ዕቃዎች አንዱ ያህሉ እዚያ መግባት የማይገባው ነበር። መለያ ጣቢያዎች ማሽኖቻቸውን አዘግይተውና ሠራተኛ ጨምረው ጥራቱን ለማሻሻል ሲጣጣሩ ወጪያቸው ናረ። የተደባለቀ ወረቀት ዋጋ በአንጻሩ ወደ ዜሮ ወረደ።

ቀድሞ ከሚሰበስበው ወረቀት ገቢ ያገኝ የነበረ ከተማ አሁን ለሚረከበው ኩባንያ ከፋይ ሆነ። በ2019 መጀመሪያ ፊላደልፊያ ነዋሪዎቿ ለይተው ካወጡት ውስጥ ግማሽ ያህሉን በአቅራቢያዋ ባለችው በቼስተር ወደሚገኝ ማቃጠያ ትልክ ነበር። ቼስተር አብዛኛው ነዋሪዋ ጥቁር አሜሪካዊ የሆነ ድሃ ከተማ መሆኗ ልብ ሊባል ይገባዋል። በፍሎሪዳ የምትገኘው ዴልቶና በዚያው ዓመት ከየቤቱ ደጅ መሰብሰቡን አቋረጠች። በሜምፊስ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ ማጠራቀሚያዎቹ የሰዉ ልማድ እንዳይጠፋ በሚል በቦታቸው ቢቆዩም፣ የሚጣልባቸው ሁሉ ወደ ቆሻሻ መቅበሪያ ይሄድ ነበር። ልማድን ማቆየት ደግ ሐሳብ ነው። ነገር ግን መንገደኛው በጥንቃቄ የለየው ጠርሙስ ከሌላው ጥራጊ ጋር እንደሚቀበር ያወቀ ዕለት፣ ያን አመኔታ ለመመለስ ከማሽን ግዢ የከበደ ሥራ ይጠይቃል።

በወቅቱ በምዕራቡ ዓለም በርካታ ጸሐፍት ቻይና መልሶ መጠቀምን እንደገደለችው አድርገው አቀረቡ። አባባሉ ሚዛናዊ አይደለም። ከዚያ በፊት መርከብ ላይ የተጫነ ሁሉ «መልሶ ጥቅም ላይ የዋለ» ተብሎ ይመዘገብ ነበር፤ በመድረሻው ምን ያህሉ እንደተቃጠለ፣ ምን ያህሉ ወንዝ ውስጥ እንደገባ የሚጠይቅ አልነበረም። ቻይና ያደረገችው ይህን የሒሳብ አያያዝ ማጋለጥ ነው። የእስልምና ሕግ ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ መርህ አለ፤ ጉዳት በአምሳያው ጉዳት አይወገድም። የአንዱን አገር ጓዳ አጽድቶ ጥራጊውን በሌላው ደጅ መከመር በዚህ መርህ ሲመዘን የት ላይ እንደሚወድቅ ግልጽ ነው።

ክምሩም በእርግጥ ሌላ ደጅ ፈለገ። ቻይና ስትዘጋ ጭነቱ ወደ ማሌዥያ፣ ወደ ታይላንድ፣ ወደ ቬትናምና ወደ ቱርክ ዞረ። ፊሊፒንስ በ2019 69 ኮንቴይነር ወደ ካናዳ መለሰች፤ ማሌዥያም በጃንዋሪ 2020 ወደመጡባቸው አገራት የመለሰቻቸው ኮንቴይነሮች 150 መድረሳቸውን አስታወቀች። የባዝል ስምምነት አባል አገራት በሜይ 2019 ባደረጉት ማሻሻያ መሠረት፣ ከ2021 መግቢያ ጀምሮ የተደባለቀና የቆሸሸ ፕላስቲክ ተቀባዩ አገር አስቀድሞ ካልፈቀደ አይላክም። ንጹሕ የሆነውና በዓይነት የተለየው ፕላስቲክ ግን ለመልሶ መጠቀም እስከሆነ ድረስ መንገዱ ክፍት ነው። ስለዚህ ሕጉ ከመከልከሉ ባሻገር በሚገባ ለሚለይ ሰው ገበያ አስቀርቷል።

ጠበቅ ያለው መስፈርት ያፈራው መልካም ነገርም አለ። ናይን ድራገንስ የተባለው ግዙፉ የቻይና ወረቀት አምራች ጥሬ ዕቃው ወደ አገሩ መግባት ሲከለከል፣ በ2018 ራሱ ወደ አሜሪካ ሄዶ በሜይንና በዊስኮንሲን የወረቀት ፋብሪካዎችን ገዛ። ቆሻሻው ወደ ፋብሪካው መሄዱ ቀርቶ ፋብሪካው ወደ ቆሻሻው መጣ ማለት ነው። አውስትራሊያም ቆሻሻን ወደ ውጭ መላክን በ2020 ባወጣችው ሕግ ደረጃ በደረጃ አገደች፤ ብርጭቆ በጃንዋሪ 2021፣ የተደባለቀ ፕላስቲክ በጁላይ 2021፣ ወረቀትና ካርቶን በ2024። ከእገዳው ጎን ለጎን ለአገር ውስጥ ፋብሪካዎች ግንባታ ገንዘብ መድባለች። ያም ሆኖ በዚያው አገር «ሬድሳይክል» የተሰኘው፣ በሱፐርማርኬቶች በኩል ስስ ፕላስቲክ ይሰበስብ የነበረው መርሐ ግብር በኖቬምበር 2022 ቆመ። ሕዝቡ ከልቡ ያመጣው ፕላስቲክ በሺዎች በሚቆጠር ቶን በመጋዘኖች ተከምሮ ተገኘ፤ ይረከብ የነበረ ፋብሪካ በእሳት አደጋ ሥራ ሲያቆም ምትክ ገዢ አልተገኘለትም ነበር። መሰብሰብ ብቻውን ውጤት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል።

የባሕረ ሰላጤው አገራት የመሰብሰቢያና የመለያ ሥርዓታቸውን እየገነቡ ያሉት እነዚህ ትምህርቶች በዓይን ፊት ባሉበት ጊዜ ነው። የሻርጃው «ቢኣህ» ከ2007 ጀምሮ ይሠራል፤ ሳዑዲ ዓረቢያም በ2017 በመንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንዷ አማካይነት የመልሶ መጠቀም ኩባንያ አቋቁማለች። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በ2020 ያገለገለ ብረትና ወረቀት ወደ ውጭ እንዳይወጣ ለጊዜው በማገድ የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች ጥሬ ዕቃ እንዳያጡ አድርጋለች፤ በ2023 ደግሞ ከተመለሰ ፕላስቲክ የተሠሩ የውኃ ጠርሙሶች ለገበያ የሚቀርቡበትን ደንብ አውጥታለች። ሁለተኛው እርምጃ ብዙ ባይወራለትም ክብደቱ ከፍ ያለ ነው፤ የተሰበሰበው ጠርሙስ እዚያው ገዢ የሚያገኝበትን በር ከፍቷልና። ማንኛውም ከተማ አዲስ ማጠራቀሚያ ከማስቀመጡ በፊት የሚሰበስበውን ማን እንደሚገዛው ማወቅ አለበት። ገዢው ባሕር ማዶ ያለ ብቻ ከሆነ፣ መርሐ ግብሩ አንድ የጉምሩክ ማስታወቂያ በወጣ ማግስት እንደ ዴልቶና ይቆማል። ሪፖርቶችም «ይህን ያህል ቶን ተሰበሰበ» ከማለት አልፈው ምን ያህሉ ወደ ዕቃነት እንደተለወጠ መናገር ይኖርባቸዋል።

የጥራቱ ጉዳይ ግን ከፋብሪካ በፊት ከማዕድ ቤት ይጀምራል። በዚህ ረገድ ለአማርኛ ተናጋሪው እንግዳ የሆነ ነገር የለም። በአዲስ አበባ ሰፈሮች ቆራሌው እየተጣራ ሲዞር ብረቱን፣ ጠርሙሱን፣ ጀሪካኑን በየዓይነቱ እያየ በዋጋ ይገዛል። የቤት እመቤቷም ዕቃውን ሳትደባለቅ የምታስቀምጠው ሕግ አስገድዷት ሳይሆን የተደባለቀው ስለማይሸጥላት ነው። ዋጋ ያላገኘው ቀሪው የት እንደሚሄድ ደግሞ በማርች 2017 በቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን የቀጠፈው ክምር በመራራ መንገድ አሳይቷል።

በባሕረ ሰላጤው ከተሞች ደግሞ የቤቱን ቆሻሻ በእጁ የሚይዘው ብዙ ጊዜ የቤቱ ባለቤት አይደለም። ከኢትዮጵያ፣ ከፊሊፒንስ፣ ከባንግላዴሽ የመጡ የቤት ሠራተኞች፣ የሕንፃ ጽዳት ሠራተኞችና ጥበቃዎች ናቸው። በማጠራቀሚያዎቹ ላይ የሚለጠፈው መመሪያ ግን አብዛኛውን ጊዜ በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ነው። ሰማያዊውና አረንጓዴው ማጠራቀሚያ ለምን እንደተለየ ያልተነገራት እህት ሁለቱንም በአንድ ከረጢት ብትሞላ ጥፋቱ የእርሷ ሊሆን አይችልም። ለመለያ ማሽን በሚሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ የሚመድቡ ማዘጋጃ ቤቶች መመሪያቸውን በአማርኛ፣ በቤንጋሊ፣ በኡርዱና በታጋሎግ ማተም አያቅታቸውም፤ አሠሪዎችም ሥራውን ሲያስረክቡ ይህን አብረው ማስረዳት ይገባቸዋል። የሚጻፈውም ረጅም አይደለም፦ ጠርሙሱ ተለቅልቆ ይደርቅ፣ ካርቶኑ ታጥፎ ከምግብ ትርፍራፊ ይለይ፣ ዳይፐርና የቆሸሸ ሶፍት ወደዚህኛው ማጠራቀሚያ አይግባ።